ቱርቢ ላይ የቆመው ውሃ

ባለፈው ሰሞን ዘይቱ ያለቀበትን ቢጫ ጀሪካን ለውሃ ላውለው ብዬ ክዳኑን ብከፍተው፣ ሽታው ፊቴ ላይ መጣብኝና ባለሁበት ቁጭ አልኩ። በሙቅ ውሃ ብታጥቡት፣ አሸዋ ጨምራችሁ ብትንጡት፣ ሎሚ ብታሹበት፣ ያ ሽታ ንቅንቅ አይልም። የልጅነቴ ውሃ ሁሉ ይህን ይሸት ነበር። ሌላው ሰው ልጅነቱን በጽጌረዳ ያስታውስ ይሆናል፤ እኔ እንግዲህ ዕድሌ ሆኖ በዘይት ጀሪካን ነው የማስታውሰው። ቅር አይለኝም።

ያደግሁት ሞያሌ ነው፣ በኬንያ በኩል። እናቴ ከኬላው ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ዳር ሆቴል ነበራት። ሆቴል ስላችሁ ፎቅ እንዳይመስላችሁ፤ አራት ጠረጴዛ፣ የቆርቆሮ ግድግዳ፣ ከጀርባው ደግሞ እኛ የምንተኛባት ክፍል። ጠዋት ሻይና ማንዳዚ፣ ቦምቦሊኖ በሉት፣ ምሳ ላይ ሽሮና ቻፓቲ፣ ለሾፌሮች ሥጋ። ስሟ አስቴር ነው፤ ግን እዚያ አገር የወለደች ሴት በልጇ ስለምትጠራ ሁሉም «ማማ ሰላም» ይላት ነበር። ሰላም እኔ ነኝ። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር ኑሮው ሞያሌና ናይሮቢ መሃል ነው ማለት ይቻላል። መንገዱ ያኔ አስፋልት አልለበሰም፤ አቧራው ሰው ይውጣል። አባቴ ቤት ሲመጣ መጀመሪያ ሳሉ ይደርሳል፣ ቀጥሎ እሱ።

ከእኔና ከእናቴ ሌላ የቤቱ ሠራተኛ አህያችን ነበረች። ቸኩላ ስለማታውቅ እናቴ «እመቤት» ብላ ነው ስም ያወጣችላት። ማለዳ ማለዳ ከሩቅ ጉድጓድ ውሃ ተጭና ትመጣለች። እሷ ስላለች ሆቴሉ ይሠራል፣ እኔም ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ትምህርት ቤት እወድ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከትምህርቱ ይልቅ የምወደው አስተማሪያችንን ማዳም ሮዝን ነው። «ዳውን ኬንያ» ከምንለው ከደቡቡ የመጣች ቀጭን፣ ቁጡ ሴት ነበረች። ሰኞ ማለዳ እጃችንን ዘርግተን እንቆማለን፤ እሷ በማስመሪያ እየነካች ጥፍራችንን ታያለች። ጥፍሩ የቆሸሸ ልጅ ታጠብ ተብሎ ወደ ቤቱ ይባረራል። የእኔ ሁልጊዜ ንጹሕ ነበር፤ በዚያ ደግሞ መኩራቴ፣ ኧረ እንዴት ያለ ኩራት!

ያን ዓመት ካውንቲ ሊመጣ ነው ተባለ። ካውንቲ ሲመጣ መንገድ ይሠራል፣ ካውንቲ ሲመጣ ሐኪም ቤቱ መድኃኒት ይኖረዋል፣ ካውንቲ ሲመጣ ሥራ ለልጆቻችን ይሆናል። ቤታችን የሚበላው ሰው ሁሉ ወሬው ይኸው ነው። እኔ ካውንቲ አዲሱ የአካባቢ መስተዳድር መሆኑን ሳላውቅ ሰው አድርጌ ነበር የያዝኩት። ሆዱ ገፋ ያለ፣ ኮት የለበሰ፣ ከናይሮቢ የሚመጣ ሀብታም ሰውዬ። እናቴ አዲስ የጠረጴዛ ላስቲክ ስትገዛ፣ ለእሱ መሆን አለበት ብዬ ደስ አለኝ።

አንድ ቀን ኳስ ሜዳው ላይ የምርጫ ስብሰባ ሆነና እናቴ ይዛኝ ሄደች። መድረኩ ላይ የወጣውን ሰውዬ ሁሉም «ምሄሺሚዋ» ይለዋል፤ ክቡርነትዎ እንደማለት ነው። ሆዱ ገፋ ያለ ነው፣ ኮትም ለብሷል። «በቃ፣ ካውንቲ መጣ» አልኩ በሆዴ። በስዋሂሊ ሲናገር ከጎኑ የቆመ ሰው ወደ ኦሮምኛ ይመልሳል። የእጅ ሰዓቱን ከፍ አድርጎ አሳየን።

«ይህን ሰዓት አያችሁት? ባትሪው ሳያልቅ ውሃ በየቤታችሁ ይገባል! በቧንቧ! ከሄሉ መንደር በታች ያለው ሀሮም ትራክተር ይመጣለታል!»

ሀሮ ማለት የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ኩሬ ነው። የእኛው በደለል ተሞልቶ የፍየል መተኛ ከሆነ ቆይቷል። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ከመኪና ላይ ቲሸርት ይወረወር ጀመር። የምሄሺሚዋ ፊት ደረቱ ላይ ያለበት ቢጫ ቲሸርት። የቀለሙ ሽታ ራስ ያዞራል። እኔ ግን ዓይኔ ከሰዓቱ ላይ አልተነቀለም። የሰዓት ባትሪ ቶሎ እንደማያልቅ ማን ይንገረኝ?

ከዚያ በኋላ ሁቃ ቤታችን እግር አበዛ። ሁቃ የምሄሺሚዋ የቅስቀሳ ሰው ነው፤ የሰፈራችን ልጅ፣ መነፅር የማያወልቅ፣ ሳቂታ። ፖስተሩን ከማርያም ሥዕል ጎን ሊለጥፍ ሲል እናቴ «እሱስ ይቅርብህ፣ ወደ በሩ አድርገው» አለችው። የሚታደሉ ቲሸርቶች በማዳበሪያ ሞልቶ ጓዳችን አስቀመጠ። ሻዩን እየጠጣም እንዲህ አላት፦

«ማማ ሰላም፣ እንደ እህቴ ስለማይሽ ነው የምነግርሽ። መስመሩ ሲመጣ ቀድሞ የሚቀጠለው ቧንቧውን ላዘጋጀ ሰው ነው። ያላዘጋጀ ይጠብቃል።»

እናቴ ሞኝ አይደለችም። ሾፌር ሊያታልላት ሲሞክር ከዓይኑ ነው የምታውቀው። ግን ውሃ የሚባል ነገር አድክሟት ነበር፤ የደከመው ሰው ደግሞ ማመን ይፈልጋል። እመቤትን ከጎዶማ ለመጣ ከብት ነጋዴ ሸጠቻት። በዚያም ቧንቧ፣ ነጭ የእጅ መታጠቢያ፣ መስታወትና ጥቁር ታንከር ገዛች። እመቤት እንደ ልማዷ ሳትቸኩል ሄደች፣ ዘወር ብላም አላየችን። እኔ አለቀስኩ።

«ምን ያስለቅስሻል?» አለችኝ እናቴ። «ውሃ ደጃችን ሊመጣ ነው እኮ! አህያ ከዚህ ወዲያ ምን ይሠራልናል?»

አዴ ደርሚ ይህን ስታይ መሬት እስክትወድቅ ሳቀች። አዴ ደርሚ ወተት ሻጭ ናት። ከዳበል በመኪና የሚመጣላትን ወተት ይዛ በየማለዳው በረንዳችን ላይ ትቀመጣለች። እናቴና እሷ ሳይነታረኩ የዋሉበት ቀን የለም፤ ሳይገናኙ የዋሉበትም የለም። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፣ ወንዱንም ሴቱንም «እሷ» ነው የምትለው።

«ማማ ሰላም! አህያ ሸጠሽ ብረት ገዛሽ? ብረቷ ሣር ትበላለች?»

«ሳቂ አንቺ፣ ሳቂ። ውሃው የመጣ ዕለት ጀሪካንሽን ይዘሽ ደጄ እንዳትቆሚ ብቻ!»

ምርጫው ሆነ። እናቴ ቀለም የነካ ጣቷን ለደንበኛ ሁሉ እያሳየች ዋለች። ምሄሺሚዋ አሸነፈ፣ መኪና በጥሩምባ ከተማውን አናጋው፣ ሁቃ በየሰዉ አንገት ላይ ተጠመጠመ። «ውሃውስ?» ስትለው እናቴ «ናይሮቢ ላይ ተፈቅዷል፣ መንገድ ላይ ነው» አላት። ከዚያ በኋላ ሁቃ ጠፋ። ምሄሺሚዋም ጠፋ፣ ሰዓቱም አብሮ።

እኔ ግን «መንገድ ላይ ነው» መባሉን ሰምቻለሁ። መንገዱን ደግሞ ከአባቴ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ኢሲዮሎ፣ ማርሳቢት፣ ቱርቢ፣ ሶሎሎ፣ ከዚያ እኛ። ማለዳ ከእንቅልፌ ስነሳ መጀመሪያ የማደርገው ቧንቧውን መክፈት ነበር። ጭው ያለ አየር። እዘጋዋለሁ። «ዛሬ ኢሲዮሎ ነው» እላለሁ። «ዛሬ የማርሳቢትን ተራራ እየወጣ ነው፣ ለዚያ ነው የዘገየ።» ውሃው ምን እንደሚመስል በግልጽ ይታየኝ ነበር። ልክ እንደ እባብ በቧንቧው ውስጥ እየተሳበ፣ ሲደክመው እያረፈ የሚመጣ።

አባቴ ሲመጣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ያዝኩት።

«አባዬ፣ ውሃውን መንገድ ላይ አላየኸውም?»

እናቴን አያት። እናቴ ወደ ምጣዱ ዞረች። እሱ ሳሉን ሳለና ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «አየሁት እንጂ!» አለኝ። «ቱርቢ ላይ ብልሽት ገጥሞት ቆሟል። መለዋወጫ እየጠበቁ ነው።»

ለእኔ የምሥራች ነበር። ቱርቢ ማለት እኮ ቅርብ ነው! ሶሎሎን ብቻ አልፎ መምጣት። ለክፍሌ ልጆች ሁሉ አወራሁላቸው።

በጋው ግን ጠና። የቅርብ ጉድጓዶች አንድ በአንድ ጭቃ ማውጣት ጀመሩ። በጋሪ ውሃ የሚያመላልሱት ሰዎች ትልልቆቹን ሆቴሎች ብቻ ማገልገል ያዙ፤ እናቴ ስትለምናቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። እመቤት የለችም። ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ዩኒፎርሜን ለብሼ ቦርሳዬን ሳነሳ እናቴ ከእጄ ወሰደችው። ቀስ ብላ ነው የወሰደችው።

«ሰላሜ፣ ለትንሽ ጊዜ ነው። ውሃው እስኪመጣ ብቻ።»

«ከቱርቢ?»

ቦርሳዬን ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ «አዎ» አለች።

ስለዚህ አላለቀስኩም። ከቱርቢ እዚህ ስንት ቀን ሊፈጅ? ሁለት ጀሪካን ይዤ ወደ ኢትዮጵያው በኩል እሻገር ጀመር። የኬላው ፖሊሶች ስለሚያውቁኝ ቀና ብለውም አያዩኝም። ማዶም ቢሆን ውሃው ቀጥኗል፤ ሰልፉ ግን ወፍሯል። እዚያ ያሉት ሴቶች ያሾፉብኛል። «እናንተ ካውንቲ መጣልን ስትሉ አልነበር እንዴ? ይቅዳላችሁ እንጂ!» ይላሉ። ግን ተራዬን አይነጥቁኝም፤ አንዷ እንዲያውም ጀርባዬ ላይ ታሸክመኝ ነበር።

ሸክሙ አይደለም የከበደኝ። ስመለስ የማልፈው በትምህርት ቤታችን አጥር ሥር ነው። ደወሉ የመኪና ቸርኬ ነበር፤ ሲመታ ቆም እላለሁ። የማዳም ሮዝ ድምፅ በመስኮት ይሰማኛል። እሷ ትላለች፣ ልጆቹ ይደግማሉ። እኔም ከአጥሩ ውጭ ቆሜ እደግማለሁ። አንድ ቀን የማባዛት ሠንጠረዡን አብሬ ስል አንዱ ልጅ በመስኮት አየኝና «ማዳም፣ ሰላም ውጭ ናት!» ብሎ ጮኸ። ጀሪካኔን አንስቼ እግሬ አውጪኝ አልኩ። ለምን እንደሸሸሁ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ከዕለታት አንድ ቀን ማለዳ የአዴ ደርሚ ወተት ሳይመጣ ቀረ። ዳበል ላይ ከብቱ ነጥፏል። እሷ ግን በልማድ መጥታ ባዶ ዕቃዎቿን አጠገቧ ደርድራ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። የዩኒፎርሜን ሹራብ ለብሼ፣ ጀሪካኖቼን ይዤ በፊቷ ሳልፍ ያዘችኝ።

«ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ! ዛሬ ትምህርት የለም?»

«አለ። እኔ የምሄደው ሲመጣ ነው።»

«ማን ሲመጣ?»

«ውሃው። ቱርቢ ላይ ነው ያለው።»

ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አዴ ደርሚ በሆነው ባልሆነው የምትስቅ ሴት ናት። አልሳቀችም። ፊቷ ጥቁር አለ። በበሩ ወደ ቆመችው እናቴ ቀና ብላ አየችና፣ «ማማ ሰላም» አለች፣ «እኔ ሙሽራ ሆኜ ሳለሁ ሀሮ ስትደፈን ከእሷ የሚጠጣ ቤት ሁሉ ወርዶ ያወጣት ነበር። በእጅ። በየዓመቱ። ከዚያ አንዷ ምሄሺሚዋ መጣች፣ ተዉት ትራክተር አመጣለሁ አለች። እኛም አካፋችንን ሰቀልን። ያቺ ትራክተር ስንት ምርጫ አለፋት? ሁሉም መጥታ ትራክተር ትላለች፣ ሁሉም ትሄዳለች። እኛ ቁጭ!»

«እና እኔ ምን ላድርግ?» አለች እናቴ።

«እኔ ነገ እወርዳለሁ። አንቺ የምታደርጊውን አንቺ ታውቂያለሽ።»

በማግሥቱ እውነትም ወረደች፣ ከሄሉ ሁለት ሴቶች ይዛ። ሦስት ሴት ያንን ሁሉ ደለል! ከተማው ሳቀባቸው። በሦስተኛው ቀን አባ ቦሩ መጡ። አባ ቦሩ ሽማግሌ ናቸው፤ በወጣትነታቸው በቦረና ጉድጓዶች ላይ ውሃ የሚጠጣበትን ተራ የሚያስከብሩ አባ ሄሬጋ ነበሩ። ግራሩ ሥር በርጩማቸውን አስቀምጠው፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ ጋድም አድርገው፣ የቤት ስም መጥራት ያዙ። ሕጉ አጭር ነው፦ የሚጠጣ ቤት ይቆፍራል። ሽማግሌ ሲጠራ እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ፣ የሳቁት ሁሉ እያፈሩ ወረዱ።

እናቴ ግን ሆቴሏን ዘግታ ጭቃ ውስጥ መግባት አልዋጥልሽ አላት። ትልቅ ፔርሙስ ሻይና አንድ ሳፋ ማንዳዚ አሲዛኝ ላከች፣ አንድ የቀን ሠራተኛም አስከትላ። አባ ቦሩ ሠራተኛውን «ያንተ ቤት የት ነው?» አሉት። ነገራቸው። «እንግዲያው ለራስህ ቤት ቆፍር። ለማማ ሰላም ማማ ሰላም ትመጣለች» አሉት። አዴ ደርሚ ደግሞ ሻዩን ቀድታ ጠጣችና፣ ከአፏ ሳታወርደው «ለእናትሽ ንገሪ፣ ሀሮ ሻይ አትጠጣም» አለችኝ። ስነግራት እናቴ በገነች። እኔን ማን አደረገችኝ፣ እኔ እኮ ሰው የማስተናግድ ሴት ነኝ፣ ደግሞ እንደ ወታደር ልሰለፍ ነው፣ እያለች ሙሉ ቀን ድስት አንኳኳች።

በማግሥቱ ማለዳ ቧንቧውን ከፈትኩ። እንደወትሮው ጭው አለ። ጆሮዬን ለጠፍኩበትና በሹክሹክታ «ቶሎ በል እንጂ» አልኩት፤ «ፈተና ሊደርስብኝ ነው እኮ።» ዞር ስል እናቴ ከኋላዬ ቆማለች።

መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ሰላም፣ አይመጣም።»

«ቱርቢ ላይ…»

«ቱርቢ ላይ የለም። ከናይሮቢም አልተነሳም። ጭራሹኑ አልተነሳም የኔ ልጅ። እኔ ነኝ የተሞኘሁት።»

አሁን ሳስበው ሆዴ ይባባል። ያኔ ግን ተናደድኩ። በእሷ ሳይሆን በውሃው። ያን ሁሉ ቀን ስጠብቀው! እሪ ብዬ አለቀስኩ። እናቴ እስክጨርስ አልጠበቀችም። ጓዳ ገብታ የሁቃን ቲሸርቶች ከነማዳበሪያው ጎትታ አወጣች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሠረች፣ የሆቴሉን በር ቆለፈችና «ነይ» አለችኝ።

ሀሮው ዳር ስንደርስ ሥራው ጋብ አለ። ሁሉም አየን። እናቴ አንዱን ቲሸርት አንስታ አንገቱንና ሁለቱን እጅጌ ቋጠረች፣ አፉን ወደ ላይ አድርጋ ከፈተችውና ለአዴ ደርሚ ዘረጋችላት። ከረጢት ሆኗል።

«ጭቃውን በእጅሽ ነው የምታወጪው? ሙይልኝ!»

አዴ ደርሚ አንድ አካፋ ጭቃ ከተተችበት። የምሄሺሚዋ ፊት ተነፍቶ ጉንጩ አበጠ። መጀመሪያ አንዲት ሴት ሳቀች፣ ከዚያ ሀሮው በሙሉ። አባ ቦሩ እንኳ በትራቸውን ጥለው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ይኸው!» አለች አዴ ደርሚ፣ «ምሄሺሚዋ ሥራ ጀመረች!» ቲሸርቶቹ ለሁሉም ታደሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሁሉ ቢጫ ፊት ከጉድጓዱ እስከ ዳር ጭቃ ሲያመላልስ ዋለ። እኔ ከዚያ በኋላ በልቤ አልተቀየምኩትም፤ ቢያንስ አንድ ነገር ተሸክሞልናል።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀናት አንድ ረጅም ቀን ሆነው ነው የሚታዩኝ። የአሮጌ ጭቃ ሽታ አለ፤ ከላዩ አቧራ የሆነው ደለል ወደ ታች ሲቆፈር እርጥብ ይሆንና የዝናብ ዋዜማ ይሸታል። በውስጡ የተኛች እንቁራሪት አገኘን፣ የፍየል ቀንድ፣ አንድ እግር የልጅ ጫማ። ከላይ አባ ቦሩ ይጠራሉ፣ «ቤተ ማማ ሰላም!» እናቴ «አለሁ!» ትላለች፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚመለስ ዓይነት ጮክ ብላ። የሄሉ ሰዎች አንዱ ሲያወጣ ሌላው እየተቀበለ ይዘፍናሉ፤ ጫት ነጋዴዎቹም፣ ጋሪ ገፊዎቹም፣ ትልልቆቹ ሆቴሎችም መጡ። የእናቴ መዳፍ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደረቀ። ፆም ስለያዘች ቀትር ላይ ከንፈሯ ይነጣል። አዴ ደርሚ ሙስሊም ናት፤ የእናቴን ፆም ግን ከእናቴ ይልቅ የምትጠብቀው እሷ ነበረች። ጥላውን አይታ «ዘጠኝ ሰዓት ሆናለች ማማ ሰላም፣ ነይ ጠጪ» ትላትና ውሃውን በራሷ እጅ ታቀብላታለች። ያኔ አይነታረኩም።

ዝናቡ የመጣው ለፋሲካ ጥቂት ሲቀረው ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ቆርቆሯችን መጀመሪያ ጠብ ጠብ አለ፣ ቀጥሎ ሰው ከሰው የማያነጋግር ጩኸት ሆነ። በሌላ ዓመት ሰው ከዝናብ ወደ ቤት ይሮጣል። ያን ቀን ሁሉም ከቤቱ ወደ ሀሮው ሮጠ። እንደ ሻይ ቡናማ የሆነ ጎርፍ በቦዩ እየዘለለ ሲገባ፣ ዳር ላይ ተደርድረን ረጥበን እናያለን። እናቴ እጄን ጨብጣ ይዛለች፤ መዳፏ እንደ አሸዋ ወረቀት ይሻክራል። «ሰኞ ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ» አለችኝ። አንድም ጊዜ «ምናልባት» አላለችም። ሀሮው ቅርብ ነው፣ አባ ቦሩም የእኛን ቤት ተራ ከሰዓት በኋላ አድርገውታል፣ አዴ ደርሚም አህያዋን ልታውሰን ቃል ገብታለች።

ቅዳሜ ሁቃ ብቅ አለ። መነፅሩ አለ፣ በብብቱ አዲስ ሰሌዳ ይዟል። ምሄሺሚዋ ያስቆፈሩት ኩሬ የሚል ነገር ተጽፎበታል። አቧራ ለብሷልና እናቴ «እጅህን ታጠብ፣ ቧንቧው ያው» አለችው። ሳያስብ ሄዶ ከፈተው። ጭው አለ። መስታወቱ ውስጥ ራሱን እያየ ትንሽ ቆመ። እናቴ ማንቆርቆሪያ ይዛ መጣችና እጁን አስታጠበችው፣ ከሀሮው በተቀዳ ውሃ።

«ማማ ሰላም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔም እኮ ሥራ ትገባለህ ተብዬ ነበር። ስልኬን ከምርጫው ወዲህ አያነሱልኝም፤ ዛሬ ግን ይህን ተክለህ ፎቶ አንሳ አሉኝ።»

«ቁጭ በል፣ ሻይ ልስጥህ» አለች እናቴ። «እኔ ምሄሺሚዋን አልጠላቸውም። ውሃውን ካመጡ እሰየው፣ ቧንቧዬም ይኸው ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል። እኔ ግን አልጠብቅም፤ ልጄን ከትምህርት ቤት አስቀርቼ ጠብቄ አየሁት። ሰሌዳውን መትከል ከፈለግህ ሂድና አባ ቦሩን አስፈቅድ። መጀመሪያ የየትኛው ቤት ሆነህ እንደቆፈርክ ነው የሚጠይቁህ።»

ሁቃ ሻዩን ጠጣ። ሰሌዳውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ትቶት ሄደ፤ እናቴ በኋላ ሊጥ መዳመጫ አደረገችው። ቧንቧውም የፎጣ መስቀያ ሆኖ ቀረ። አባቴ በማግሥቱ ሲመጣ ሮጬ ሄጄ ውሃው ቱርቢ ላይ እንዳልነበረ ነገርኩት። «አውቃለሁ» አለና አቅፎኝ ብዙ ሳለ።

ሰኞ ማለዳ ዩኒፎርሜን ስለብስ እጄን አየሁ። ጥፍሮቼ ሥር ቡናማ ደለል ገብቷል። በሎሚ ብል፣ በድንጋይ ብፈትግ፣ በእንጨት ብጭር አልወጣም። ያን ሁሉ ቀን ጠብቄ በመጀመሪያዋ ሰዓት ልባረር!

ቸርኬው ተመታ፣ ተሰለፍን። «እጅ!» አለች ማዳም ሮዝ። ዘረጋን። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ የማስመሪያው ድምፅ ሲጠፋብኝ ገለጥኩ። ከጎኔ ያለው ልጅ ጥፍር ቡናማ ነው። ከፊቴ ያለችውም። ሰልፉ በሙሉ ቡናማ ነው። ማዳም ሮዝ ፊቴ ቆማለች።

«ሰላም፣ የት ከርመሽ ነው?»

«ሀሮ ውስጥ፣ ማዳም።»

አልተቆጣችም። ማስመሪያዋን ብብቷ ሥር አደረገችና የራሷን እጅ ከእጄ ጎን ዘረጋች። በንጽሕና በተቆረጡት ጥፍሮቿ ሥር ያው ደለል አለ። ለካ የመምህራኑ ቤትም ከዚያው ይጠጣል፤ ለካ አባ ቦሩ እሷንም ጠርተዋታል፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ፣ እኛ ወደ ቤት ከተመለስን ወዲያ። እኔና እሷ አንድ ጉድጓድ ስንቆፍር ከርመን አልተያየንም።

«ግቡ» አለችን። «መጽሐፍ አውጡ።»

የት ገጽ እንደደረሱ አላወቅሁም ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ በቡናማ ጥፍሯ አሳየችኝ።